ዳንቴልን አቁሞ የሚይዘው ምንድን ነው?

በእስራኤሏ ሃዴራ ውስጥ ወደ እናቶቻችን ሳሎን የገባ ሰው ዳንቴል ሳያይ አይወጣም። በሶፋው መደገፊያ ላይ፣ በረከቦቱ ሥር፣ በሰንበቱ ዳቦ ላይ ተዘርግቶ ይታያል። ተዘርግቶ የሚውል ዳንቴል ችግር የለበትም፤ ታጥቦ፣ ተተኩሶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ችግሩ የሚመጣው ክሩ እንዲቆም ሲፈለግ ነው። የፍራፍሬ ቅርጫት፣ ጠርዙ እንደ አበባ የሚጠቀለል የጠረጴዛ ዳንቴል፣ ክንፏን የዘረጋች ቢራቢሮ፣ ሰፊ ጠርዝ ያለው ባርኔጣ፣ በመስኮት ላይ የሚንጠለጠል ኮከብ፣ እነዚህ ሁሉ በኪሮሽ ይሠራሉ፤ ከኪሮሹ ሲወጡ ግን አብዛኞቹ ይዘምማሉ።

መፍትሔው ብዙ ነው፤ ለእያንዳንዱም የሚከራከርለት ሰው አለ። ስኳር የሚሉ አሉ፤ ስታርች የሚሉ አሉ፤ ኮላ የሚሉ አሉ። ምንም መንከር አያስፈልግም፣ አጥብቀሽ ሥሪው የሚሉም አሉ። የእኔን አቋም ከወዲሁ ላስቀምጥ። በዚህ የባሕር ጠረፍ ለምንኖር ሰዎች ስኳር አይሆንም። ኮላ ከሚገባው በላይ ተለምዷል። ስታርች ሊሰጠው የሚገባው ቦታ አልተሰጠውም። በተለይ የእናት እጅ የነካውን ሥራ ውሃ ሊያስለቅቀው በማይችል ነገር መንከር ተገቢ ነው ብዬ አላምንም።

በመጀመሪያ ኪሮሽ ለምን እንደሚለሰልስ ማየት ይጠቅማል። ሸማ ድርና ማግ ነው፤ ክሮቹ በአራት ማዕዘን ተያይዘዋል። ኪሮሽ ግን በቀለበት ውስጥ ያለፈ ቀለበት ነው። ቀለበቶቹ አንዱ በሌላው ውስጥ መንሸራተት ስለሚችሉ ሥራው ወደ ጎንም ወደ ታችም ይለጠጣል። ማጠንከር ማለት እንግዲህ እነዚህን መገናኛዎች እንዳይንሸራተቱ ማሰር ነው። ስኳሩም፣ ስታርቹም፣ ኮላውም የሚሠሩት አንድ ሥራ ነው። በፈሳሽነታቸው ወደ ክሩ ይገባሉ፤ ውሃው ሲተን ጭረቶቹን ከጭረቶቹ፣ ቀለበቱን ከቀለበቱ አጣብቀው ይቀራሉ። ልዩነታቸው የሚታየው ከደረቁ በኋላ አየሩ፣ ሙቀቱና ጊዜው ምን እንደሚያደርጋቸው ሲታይ ነው።

ስኳር የብዙዎቻችን የመጀመሪያ ትምህርት ነው። አንድ ብርጭቆ ስኳር በአንድ ብርጭቆ ውሃ እሳት ላይ ይሟሟል፤ ዳንቴሉ ይነከራል፤ በተገለበጠ ጎድጓዳ ሳህን ላይ ተዘርግቶ ይደርቃል። በአሜሪካ በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ጠርዛቸው እንደ ማዕበል የሚነሣ የጠረጴዛ ዳንቴሎች ፋሽን በነበሩበት ጊዜ ብዙ የቤት እመቤቶች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስኳሩ በትክክል ከደረቀ እንደ መስተዋት የጠራ ሽፋን ይሆናል፤ የክሩን ቀለም አይለውጥም፤ ለብ ባለ ውሃ ሲታጠብም ምንም ሳያስቀር ይለቃል። ነገር ግን ያ የጠራ ሽፋን ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል። እርጥበት ሲጠጣ መጀመሪያ ይጣበቃል፣ ቀጥሎ ይለሰልሳል፣ በመጨረሻም ወይ ይዘምማል ወይ ወደ ነጭ ቅንጣት ይለወጣል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት። ክረምቱ ካለፈ በኋላ አየሯ ለብዙ ወራት ደረቅ ነው፤ በስኳር የቆመ ዳንቴል እስከሚቀጥለው ክረምት ቀጥ ብሎ ቢቆይ አያስገርምም። አዲስ አበባም እንዲሁ። ሃዴራ ደግሞ በሜዲትራኒያን ጠረፍ ላይ ያለች ከተማ ናት። በበጋ ዝናብ አይዘንብም፤ ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ የባሕሩ እርጥበት ልብስን ከገላ ጋር ያጣብቃል፤ ጊቫት ኦልጋ በመሳሰሉ ከውሃው አጠገብ ባሉ ሰፈሮችማ ሌሊትም አይለቅም። ደጋ ላይ የተማርነው ሙያ ቆላና ባሕር ዳርቻ ሲወርድ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በስኳር ጥሩ ሠርታ የኖረች ሴት እዚህ ሥራዋ ሲዘምምባት እጇ የተበላሸ ይመስላታል። የተበላሸው እጇ አይደለም፤ አየሩ ሌላ ነው። ጉንዳኑን ደግሞ ልጨምርበት? ስኳር የጠጣ ቅርጫት ምድር ቤት ባለ አፓርታማ ውስጥ ጉንዳን ሳይሰለፍበት በጋውን አያልፍም። ለአንድ ቀን ድግስ ተሠርቶ በማግስቱ የሚታጠብ ከሆነ ስኳር ይሁን። ለቤት ዕቃ ግን አይሁን።

ስታርች ላይ ትንሽ ቆየት ማለት እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ከጥጥ ጋር ያለው ነገር ከሌሎቹ የተለየ ነው። የጥጥ ክር ሴሉሎስ ነው፤ ሴሉሎስ የተሠራው ከግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ስታርችም የተሠራው ከግሉኮስ ሰንሰለት ነው። ሁለቱ በሥጋ ዘመዳሞች ስለሆኑ ሲገናኙ በደንብ ይያያዛሉ፤ ጥጥ ስታርችን እንደ ባዕድ አይገፋውም። የወረቀት ፋብሪካዎች ወረቀት እንዲጠነክርና ቀለም እንዳይሰርግበት ስታርች የሚጠቀሙት በዚሁ ምክንያት ነው፤ ወረቀትም ሴሉሎስ ነውና። ሃዴራ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመ ትልቅ የወረቀት ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ በኪቡትዝ መዓኒት የሚገኘው ጋላም የተባለው ፋብሪካ ደግሞ ለዓመታት ሲታወቅ የኖረው በስታርችና ከስታርች በሚወጡ ምርቶች ነው። ስለዚህ በወጥ ቤት ድስት የሚበጠበጠው ነገር ለዚህ አካባቢ እንግዳ አይደለም።

እዚህ አገር በየሱፐርማርኬቱ ኮርንፍሎር ተብሎ የሚሸጠው የበቆሎ ስታርች በቂ ነው። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም ሁለት ቦታ ላይ ይበላሻል። አንደኛው መበጥበጡ ነው። ዱቄቱ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ መበጥበጥ አለበት፤ ሙቅ ውሃ ላይ ቢበተን ወዲያው ይጓጉላል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ኮርንፍሎር በሩብ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ ይበጠበጥና አንድ ብርጭቆ የፈላ ውሃ እየተማሰለ ይጨመርበታል፤ እሳት ላይም ይመለሳል። ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት የስታርቹ ቅንጣቶች ውሃ ጠጥተው ያብጣሉ፣ ይፈነዳሉም። ያን ጊዜ ነጭ የነበረው ውሃ ግራጫ መስሎ ይጠራል፤ ማንኪያውም ይከብዳል። ያ መጥራት ካልታየ ስታርቹ አልበሰለም ማለት ነው፤ ያልበሰለ ስታርች ከደረቀ በኋላ ክሩ ላይ እንደ ዱቄት ይረግፋል። (ጎንደርና አዲስ አበባ ላሉ አንባቢዎች፦ በከፍታው ምክንያት ውሃችሁ በ92 ወይም በ93 ዲግሪ ቢፈላም ለስታርች ከበቂ በላይ ነው።) ለጠረጴዛ ዳንቴል ይህን በሁለት እጥፍ ውሃ ማቅጠን ይገባል። ለቅርጫት ግን እንደ ቀጭን አጥሚት መሆን አለበት፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ዱቄቱን ወደ ሦስት ማንኪያ ከፍ ማድረግ ይሻላል።

ሁለተኛው የሚበላሽበት ቦታ ማድረቁ ነው። ዳንቴሉ ንጹሕና እርጥብ ሆኖ ይነከራል፤ እርጥብ ክር ስታርቹን እኩል ይቀበላል። ከዚያ በሁለት መዳፍ መካከል ይጨመቃል እንጂ አይጠመዘዝም፤ የተጠመዘዘ ዳንቴል መስመሩ ይዛባና አንዱ ጎን ወፍራም፣ አንዱ ጎን ባዶ ይሆናል። ጎድጓዳ ሳህን በላስቲክ ተሸፍኖ ይገለበጥና ዳንቴሉ መሐሉ ከመሐል ገጥሞ ይቀመጥበታል። ጠርዙ ላይ ያሉት ቅስቶች አንድ በአንድ በጣት ተስበው በማይዝግ መርፌ ይያዛሉ። የሚዝግ መርፌ በነጭ ክር ላይ የሚተወው ቡናማ ነጥብ የዕድሜ ልክ ነውና እዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረውን የስታርች ሽፋን በጥርስ እንጨት መብሳት ወይም በገለባ እፍ ማለት ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ሲደርቅ መስታወት የተገጠመበት ይመስላል።

የሃዴራ ነዋሪ ለዚህ ሥራ የሚሆን ቀን አለው፤ እሱም የሻራቭ ቀን ነው። በጸደይ ከምድረ በዳው የሚነፍሰው ያ ደረቅ ትኩስ ነፋስ ለራስ ምታትና ለዓይን መጥፎ ነው፤ ስታርች ለተነከረ ዳንቴል ግን ከእሱ የተሻለ ማድረቂያ የለም። በነሐሴ እርጥበት በረንዳ ላይ የተተወ ወፍራም ሥራ ሳይደርቅ ሊሸት ይችላል። በዚያ ወቅት ቤት ውስጥ መዝጋትና ማዝጋኑን ማብራት ይሻላል፤ አየር ማቀዝቀዣው የክፍሉን እርጥበት ስለሚቀንስ።

ስታርች ድክመት የለውም አልልም። እርጥበት እሱንም ያለሰልሰዋል፤ ግን እንደ ስኳር አይፈስም፤ አየሩ ሲደርቅ መልሶ ይጠነክራል። በረሮም ይወደዋል። ከባድ ቅርጫት ብቻውን አይሸከምም። እነዚህን ሁሉ አውቄም ግን ከእርሱ ጋር እቆማለሁ፤ ምክንያቱም በሙቅ ውሃና በሳሙና ይለቃል፤ ዳንቴሉም እንደገና ዳንቴል ይሆናል። ስታርች ደግሞ በቆሎ ብቻ አይደለም። ድንች አለ፣ የሩዝ ውሃ አለ፣ የእኛው አገር ቡላም አለ። ከእንሰት የሚገኘው ቡላ አብዛኛው ክፍሉ ስታርች ነው፤ በ1990ዎቹ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመድኃኒት ተመራማሪዎች የእንሰትን ስታርች ለክኒን ማያያዣነት አጥንተውታል። ክኒን የሚያያይዝ ነገር ክርን የማያያይዝበት ምክንያት አይታየኝም፤ በሃዴራ ዋጋው ግን ለገንፎ እንጂ ለዳንቴል የሚወጣ አይደለም።

ለእኛ ለቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ሌላም የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ የፋሲካ ጥያቄ። በስንዴ ዱቄት የጠነከረ የዳቦ ልብስ ሐሜጽ፣ ማለትም በፋሲካ የተከለከለ የቦካ ነገር ነው ወይ? ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሚሽና በፐሳሒም ክፍል ለፋሲካ ከሚወገዱት ነገሮች መካከል ጸሐፍት ወረቀት የሚያጣብቁበትን የዱቄት ሙጫ ይቆጥራል። ራምባም በ12ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ሕግ ደግሞ በስንዴ ስታርች የታጠቡ ልብሶችን በፋሲካ ቤት ውስጥ ማቆየት ይፈቀዳል ይላል፤ ከምግብነት መልክ ወጥተዋልና። ማቆየት አንድ ነገር ነው፤ ማጻ በሚቀርብበት ገበታ ላይ መዘርጋት ግን ሌላ ነው፤ ለዚያ የራስን ቄስ ወይም ረቢ መጠየቅ ተገቢ ነው። በአገር ቤት ለፋሲካ ሸክላውን ሰብረው በአዲስ ይተኩ የነበሩ እናቶች ልጆች ይህን ጥያቄ ቀለል አድርገው አያዩትም፤ ማየትም የለባቸውም። ክርክሩን የሚያስቀረው መንገድ የድንች ስታርች ነው። በእስራኤል ከፋሲካ በፊት በየመደርደሪያው ይሞላል፤ ከበቆሎም ቀደም ብሎ ይበስላል፤ ሲደርቅም ጥርት ያለ ነው። በቆሎ ኪትኒዮት ነው ብለው ከማይበሉ ጎረቤቶች ጋር ገበታ ለሚጋራም ይስማማል።

አሁን ወደ ኮላው። ነጩ የእንጨት ኮላ፣ እዚህ ዴቬክ ፕላስቲ የሚባለው፣ ፖሊቪኒል አሲቴት ነው፤ ቁሱን መጀመሪያ የሠራው ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትስ ክላተ በ1912 ነበር። ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ተበጥብጦ ዳንቴል ሲነከርበት የሚሰጠው ጥንካሬ ከስኳርም ከስታርችም ይበልጣል። ጉንዳን አይመጣበትም፤ የባሕር እርጥበት አያቀልጠውም። ፊኛ ላይ በተጠቀለለ ክር የሚሠራውን የአምፖል ኳስ፣ የመስኮት ኮከብ፣ የሠርግ ማስጌጫ ለመሥራት ከኮላ ሌላ አልመክርም። እነዚህ የማይታጠቡ፣ የማይወረሱ ነገሮች ናቸው።

ችግሩ ሰው ኮላውን በእነዚህ ላይ አለማቆሙ ነው። ፖሊቪኒል አሲቴት ፕላስቲክ ነው፤ ከ30 እስከ 40 ዲግሪ ባለው ሙቀት መለስለስ ይጀምራል። በሐምሌ ቀን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ለስጦታ የተቀመጠ ቅርጫት ጎኑ ገብቶ ይገኛል። ሁለት ዕቃዎች ተደራርበው ከሞቁም አንዱ ከሌላው ጋር ይጣበቃል። ከሁሉ የከፋው ግን አንዴ ከደረቀ በኋላ ከክሩ ውስጥ አጥርቶ ማውጣት አለመቻሉ ነው። አቧራ በላዩ ሲቀመጥ መታጠብ አይችልም፤ በዓመታት ውስጥ ይደፈርሳል፤ ክሩም ሲታጠፍ ይሰበራል። በአውሮፕላን ሻንጣ ውስጥ ተጣጥፎ የመጣ፣ የሞተች እናት የሠራችው ዳንቴል በኮላ ሲነከር ማየት ያሳዝነኛል። የሚነክሩት ሰዎች ሊያከብሩት ብለው ነው፤ በፍሬም ሊሰቅሉት፣ ለልጅ ልጅ ሊያቆዩት። ያ ሥራ ግን በመርፌ ጨርቅ ላይ ተሰፍቶ ሊሰቀል ይችላል፤ ኮላ አያስፈልገውም።

ሌሎቹን በአጭሩ ልለፋቸው። በቆርቆሮ የሚሸጠው የሚረጭ ስታርች ለሸሚዝ ኮሌታ ነው፤ ለጠፍጣፋ ዳንቴል ይሆናል፤ ቅርጫት አያቆምም። የፀጉር ስፕሬይ ከዚያም ያንሳል። ጄላቲን በድሮ ጊዜ ለባርኔጣና ለዳንቴል ያገለገለ ጥሩ ማጠንከሪያ ነው፤ ግን ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ የሚወጣ ስለሆነ በኮሸር ቤት ውስጥ ምንጩን ማወቅ የግድ ነው።

ክሩ ራሱ ከየትኛውም ማጠንከሪያ በፊት መጠየቅ ያለበት ነገር ነው። ከላይ ያልነው ሁሉ ለጥጥ ነው። በርካሽ የሚሸጠው አክሪሊክ ክር ፕላስቲክ ስለሆነ ስታርች ውስጡ አይገባም፤ በጭረቶቹ መካከል ተቀምጦ ይቀራል፤ ሲነካካም ይረግፋል። አክሪሊክን የሚያስተካክለው እንፋሎት ነው። ካውያው ሳይነካው ከላዩ ተይዞ እንፋሎት ሲለቀቅበት ጭረቶቹ ለስልሰው በተዘረጉበት ቅርጽ ይቀራሉ። ይህ የማይመለስ ነው፤ ካውያው ከነካውም ይቀልጣል። ጥጥ ውስጥ ደግሞ በኮስቲክ ሶዳ የታከመው የሚያብረቀርቀው ክር ይመረጣል። ዘዴው ስሙን ያገኘው በ1844 ካገኘው ከእንግሊዛዊው ጆን መርሰር ነው፤ በ1746 በሙሉዝ የተመሠረተው ዲ.ኤም.ሲ. የሚሸጣቸው የዳንቴል ክሮችም እንዲህ የታከሙ ናቸው። እንዲህ ያለ ክር ጠንካራ ነው፤ ስታርችንም እኩል ይጠጣል።

ሆኖም እኔን ይበልጥ የሚስበኝ አራተኛው ወገን ነው፤ ምንም አትንከሩ የሚለው። ለዚህ ማስረጃው በሃዴራ ጎዳና ላይ በየሰዉ ራስ ላይ ይሄዳል። ኪፓ ስሩጋ በኪሮሽ የሚሠራ ነው፤ ከቀጭን የጥጥ ክር፣ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ባለው ኪሮሽ። የራስ ቅልን ቅርጽ ይዞ የሚቀመጠው ቀለበቶቹ ጥብቅ ስለሆኑና በየዙሩ የሚጨመሩት ቋጠሮዎች በስሌት ስለሆኑ ነው። ብዙ ከተጨመረ ይጨማደዳል፤ ጥቂት ከተጨመረ ይጎደጉዳል፤ ልክ ሲሆን ግን ቅርጹ ከሒሳቡ ይወጣል። ይህንኑ እስከ መጨረሻው የወሰደችው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ታስተምር የነበረችው የላትቪያ ተወላጅ የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚና ናት። በ1997 የሃይፐርቦሊክ ጂኦሜትሪን ጠመዝማዛ ገጽ በኪሮሽ ሠራች፤ ከወረቀት ይሠሩ የነበሩት ሞዴሎች እየተቀደዱ ሲያስቸግሩ የእሷ ግን በተማሪዎች እጅ እየተገላበጠ ቅርጹን ጠበቀ። ያቆመው ስታርች አልነበረም፤ ጥብቅ አሠራርና በየመስመሩ የተቆጠረ ጭማሪ ነበር።

ወደ እኛ ቅርብ የሆነው ምሳሌ ግን ያለው ቴል አቪቭ ነው። ኩቺናቴ የተባለው የስደተኛ ሴቶች ኅብረት በ2011 በሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዲዲ ሚሚን ካንና በኤርትራ ተወላጇ መነኩሲት በእህት አዚዛ ተመሥርቶ በአብዛኛው ኤርትራውያን የሆኑ ሴቶች በኪሮሽ ቅርጫት የሚሠሩበት ነው። ክሩ ወፍራም ነው፤ አሠራሩ ጥብቅ ነው፤ ቅርጫቱም በሥራው ይቆማል። የበለጠ ጥንካሬ ለሚፈልግ ደግሞ በየዙሩ ውስጥ ገመድ አስገብቶ በላዩ ላይ ኪሮሽ መሥራት ይቻላል። ይህን ያየች የጎንደር ሴት ወዲያው ታውቀዋለች፤ ስፌት ነውና። ስንደዶና አክርማ ይዛ መሶብ የሰፋች እጅ በሣሩ ፋንታ ገመድ፣ በወስፌው ፋንታ ኪሮሽ ብትይዝ እንደ አዲስ ተማሪ አትጀምርም። በእስራኤል ውስጥ ስፌት የሚያውቁ እናቶችና ኪሮሽ የሚያውቁ ልጆች በአንድ ቤት አሉ፤ ሁለቱ ሙያዎች ግን እስካሁን በሚገባ አልተገናኙም። ሃዴራ ውስጥ አንድ የእጅ ሥራ ክፍል ቢከፈት እኔ የምጀምረው ከዚህ ነበር። ለባርኔጣ ጠርዝም ያው ሐሳብ ይሠራል፤ ወፍራም የዓሣ ማጥመጃ ናይለን በመጨረሻው ዙር ውስጥ ተይዞ ቢሠራ ጠርዙ ይዘረጋል፤ ባርኔጣውም ይታጠባል። ሽቦም ይህንኑ ያደርጋል፤ ግን ይዝጋል፤ ለልጅ ዕቃም አይሆንም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ የቆየ ዳንቴል እጁ የገባ ሰው ምን እንደተነከረበት እንዴት ያውቃል? በማይታይ ጥግ ላይ አንድ ጠብታ ለብ ያለ ውሃ ማድረግ ነው። ወዲያው ከተጣበቀ ስኳር ነው። ቀስ ብሎ ከለሰለሰና ካሙለጨለጨ ስታርች ነው፤ ለማረጋገጥ ከኋላ የተረፈች የክር ጫፍ ተቆርጣ ከፋርማሲ በሚገዛ አዮዲን ብትነካ ወደ ጥቁር ሰማያዊ ትለወጣለች። ውሃው ላዩ ላይ ተንከባሎ ምንም ካልተለወጠ ኮላ ነው። ስኳርና ስታርች ሳይጠመዘዝ፣ በለብታ ውሃና በልዝብ ሳሙና፣ ውሃው እስኪጠራ እየተለወጠ ይታጠባል። ከዚያ በኋላ ሳይነከር፣ በደንብ ደርቆ፣ በነጭ ጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጥ እንጂ አይታጠፍ። ስታርች እንደያዘ የታጠፈ ክር በእጥፋቱ ላይ ይሰበራል፤ ነፍሳትም ይመገቡታል። ለሲግድ ወይም ለሠርግ ከሣጥን ሲወጣ ያን ጊዜ ቀጭን ስታርች ይነከራል፤ በዓሉ ሲያልፍም ይታጠባል።